ሳይጠየቁ ስጋጃቸው የተቆረጠባቸው የወይዘሮ ሶልማዝ ሐይደሪ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ሶልማዝ ሐይደሪ ከአባታቸው ከአቶ ሐይደር እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሰኪና፣ ከታብሪዝ በስተምሥራቅ በምትገኘው በሄሪስ እ.ኤ.አ. በ1941 ተወለዱ። አባታቸው በግ አርቢ፣ እናታቸው ስጋጃ ሠሪ ነበሩ። እስከ አራተኛ ክፍል ከተማሩ በኋላ አባታቸው ስላረፉ ትምህርታቸውን አቋርጠው፣ ከታናሽ እህታቸው ከወይዘሮ ኒሳ ጋር በእናታቸው ግራና ቀኝ ተቀምጠው ቋጠሮ ማሰር ያዙ።

እናታቸው ለገበያ ከሚሠሩት ጎን ለጎን ለራሳቸው ቤት አንድ ትልቅ ስጋጃ ጀምረው ነበር። ሱፉ ከአባታቸው የመጨረሻ በጎች የተሸለተ ነው። ሦስቱ ሴቶች ክረምት ክረምት እየሠሩ ጨረሱት። ወይዘሮ ሶልማዝ እ.ኤ.አ. በ1960 የጭነት መኪና ሾፌር ከነበሩት ከአቶ ቀዲር ረሱሊ ጋር ጋብቻ ፈጽመው ወደ ታብሪዝ ሲሄዱ እናታቸው ስጋጃውን ጠቅልለው አስጫኑላቸው። «የሠራሁት ሁሉ ሰው ቤት ነው ያለው፤ ይሄ ግን ያንቺ ነው» አሏቸው።

በትዳራቸው አቶ ያሻርን እና ወይዘሮ ሴቪልን አፍርተዋል። አቶ ቀዲር እ.ኤ.አ. በ1979 በመኪና አደጋ ሲያርፉ ወይዘሮ ሶልማዝ እጃቸው የሚያውቀውን ሥራ ይዘው ልጆቻቸውን አሳደጉ። ያን ጊዜ ታብሪዝ ውስጥ ግቢ ያላቸው ቤቶች እየፈረሱ በአፓርታማ መተካት ጀምረው ነበር። ሰው አዲሱ ሳሎን ውስጥ የማይገባ የአያቱን ስጋጃ ተሸክሞ ወደ እሳቸው ይመጣል። እሳቸውም ከመሀሉ አንድ መደዳ አውጥተው፣ ድሩን ከድር አገናኝተው፣ ጠርዙ ሳይበላሽ ያሳጥሩለታል። ታዲያ አንድ የማይለቁት ሥርዓት ነበራቸው። ባለቤቱ ራሱ መጥቶ «ቁረጪው» ካላላቸው መቀስ አያነሡም። ስጋጃው የሚስቱ ሆኖ ባል ብቻውን ከመጣ «እሷን ይዘሃት ና» ብለው ይመልሱት ነበር።

ይህንን ሙያ ለልጃቸው ለአቶ ያሻር አስተማሩ። አቶ ያሻር ጎበዝ ሆኑ፣ ባዛሩ ውስጥ ሱቅ ከፈቱ፤ እናታቸውም በየሰዉ ፊት ይኮሩባቸው ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2008 ወይዘሮ ሶልማዝ ወድቀው ዳሌያቸው ስለተሰበረ ቴህራን፣ ልጃቸው ወይዘሮ ሴቪል ቤት ሆነው ታከሙ። የእሳቸውም ቤት በስምምነት ፈርሶ በምትኩ አፓርታማ ደርሷቸው ነበርና፣ አቶ ያሻር ዕቃውን አግብተው ጠበቋቸው። ወይዘሮ ሶልማዝ ድነው ታብሪዝ ሲመለሱ፣ ጫማቸውን አውልቀው አዲሱ ሳሎን መሀል ሲደርሱ ቆሙ። ጎንበስ ብለው የእናታቸውን ስጋጃ በመዳፋቸው ዳበሱት።

«ማን ቆረጠው?»

«እኔ ነኛ እማዬ! ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ እንዴ? አየሽ፣ ልክክ አለ! እስቲ ስፌቱን አግኚው!»

«አግኝቼዋለሁ። ስልክ የለህም? አትጠይቀኝም ነበር?»

«ብጠይቅሽ እምቢ ትያለሽ ብዬ ነዋ።»

ወይዘሮ ሶልማዝን የጎዳቸው መቀሱ አይደለም፤ ይህች መልስ ናት። ልጃቸው ባለማወቅ አድርጎት ቢሆን ረስተውት ያድሩ ነበር። እምቢታቸውን አውቆ፣ እሱን ለመሸሽ ሲል እሳቸው አልጋ ላይ ሳሉ እንደቆረጠው ከገዛ አፉ ሰሙ። የወጣው ቁራጭ የት እንዳለ ሲጠይቁም «በግርግሩ ጠፋ» ተባሉ።

ቀጥሎ በመጣው የኑሩዝ፣ የአዲስ ዓመት በዓል የአቶ ያሻር አማቶች ቤት ሄዱ። በሩ ላይ ጫማ የተደረደረበትን ምንጣፍ ሲያዩ አወቁት። ጫማዎቹን አንድ በአንድ ወደ ጎን አድርገው ሊያነሡት ሲጀምሩ የቤቱ እመቤት ደንግጠው ብቅ አሉ።

«ውይ ሶልማዝ ኻኑም፣ እመቤቴ፣ ይተዉት እባክዎ! የጭቃ መጥረጊያ እኮ ነው! ያሻር ነው ያመጣልን።»

«የእናቴ እጅ ነው» አሉ ወይዘሮ ሶልማዝ። ከውስጥ አቶ ያሻር የሻይ ብርጭቆ እንደያዙ አቀርቅረው ነበር። እናታቸው ቁራጩን ከነጭቃው በሻርፓቸው ጠቅልለው፣ ሻይ ሳይቀምሱ ወጡ።

ከዚያም ስጋጃውን አስጭነው ሄሪስ፣ በወላጆቻቸው ቤት ወደሚኖሩት ወደ እህታቸው ወደ ወይዘሮ ኒሳ ሄዱ። የልጃቸውን ስፌት ክር በክር ፈትተው፣ ቁራጩን አጥበው፣ ሁለቱ እህትማማቾች ከአንድ ዓመት በላይ ደክመው ወደ ቦታው መለሱት። ጫማ የበላው ሱፍ ግን ሳስቶ ቀረ። ወይዘሮ ኒሳ «በአዲስ ሱፍ እንሙላው እንጂ እታለም» ሲሏቸው «ተይው፣ ይታይ» አሏቸው። ስጋጃው በአሮጌው ሳሎን ሙሉውን ተዘረጋ፤ እሳቸውም ታብሪዝ ተመልሰው አልኖሩም።

አቶ ያሻር በየጊዜው እየሄዱ ይጠይቋቸው ነበር። እናታቸውም አንድ ቀን ሳያበሉ አልሸኟቸውም። ምሳውን የሚያቀርቡላቸው ግን ኩሽና ውስጥ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2017 የኩላሊት ሕመም ጠናባቸው። አቶ ያሻር ሥራቸውን ትተው አጠገባቸው ተቀመጡ፤ አቅፈው አነሡ፣ አጠቡ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ «እማዬ፣ አሁንም አልማርሽኝም?» ብለው ጠየቁ።

«ምሬሃለሁ፤ ቂም ይዤ አልሄድም» አሏቸው። ቀጥለው ደግሞ «ግን ያሻር፣ ስፌቱ ቢበላሽብህ ኖሮ ይሻለኝ ነበር። እጅህ እንኳን አልተንቀጠቀጠም» አሉ።

የሕይወት ታሪካቸው ሲጻፍ ይህ እንዳይዘለል ለቤተሰቡ የተናገሩት ወይዘሮ ሶልማዝ ራሳቸው ናቸው። ፊታችሁ ቆሞ ይህን የሚያነበው እኔ ልሁን ብለው የጠየቁትም አቶ ያሻር ናቸው።

ወይዘሮ ሶልማዝ ሐይደሪ በተወለዱ በ76 ዓመታቸው፣ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 9 ቀን 2017 በሄሪስ፣ በእህታቸው ቤት ዐርፈዋል። እህታቸው ወይዘሮ ኒሳ፣ ልጆቻቸው አቶ ያሻር እና ወይዘሮ ሴቪል፣ እንዲሁም የልጅ ልጆቻቸው በሐዘን ላይ ናቸው። ስጋጃውን በሕይወት ሳሉ ለወይዘሮ ኒሳ ሰጥተዋል።

አላህ በእዝነቱ ይቀበላቸው፤ ማረፊያቸውን ያብራላቸው፤ ቀብራቸውንም ያስፋላቸው። አሚን።