ያልወደቅሁበት የቅዳሜ ትርኢት

ብራይተን
ማርች 9 ቀን 1964

ለምወድሽ ልጄ ለሄስተር፣

ደብዳቤሽ ደረሰኝ። «ውድ ሚስ ጋርሳይድ» ብለሽ ነው የጀመርሽው። ፎቶግራፌ ላይ እንድፈርምላቸው የሚለምኑኝ ሰዎችም እንዲሁ ብለው ነው የሚጀምሩት። ቅር አላለኝም ብል ውሸት ነው፤ ብሎኛል። ቢሆንም ከዚህ ሁሉ ዓመት ዝምታ በኋላ የእጅ ጽሕፈትሽን ሳይ ፖስታውን እደጁ ላይ እንደቆምሁ ቀደድኩት። ጎረቤቴ አይታኝ «ምነው፣ ሰው ሞተብሽ እንዴ?» አለችኝ። «የለም፣ ሞቷል ያልኩት ተነሣልኝ» አልኳት።

እኔ ደህና ነኝ። ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ያሠቃየኛል እንጂ ድምፄ ዛሬም የመጨረሻው ወንበር ድረስ ይሰማል። ሥራም አላጣሁም። ባለፈው ወር አንድ ፊልም ላይ ገና የጠዋቱ ሻይ ሳይቀርብ አንቀው ገደሉኝ። ዕድሜ ልኬን እንዲሁ ሲገድሉኝ ነው የኖሩት። መርዝ አጠጥተውኛል፣ ከገደል ወርውረውኛል፣ በትራስ አፍነውኛል፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ወንዝ ውስጥ ሲያሰጥሙኝ የእውነት የሳንባ ምች ይዞኝ ተኝቻለሁ። «እንደ ሙርየል ጋርሳይድ ሞት የሚያምርበት የለም» ይሉኛል። ምርቃት ይሁን እርግማን ገና አልለየሁም።

አሁን ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። «አባቴ አርጅቷል፤ በመርከብ ወደ እኛ ወደ ዌሊንግተን ሊመጣ ነው። ከልጄ ከፖሊ ክፍል አጠገብ አልጋ ዘርግተንለታል» ብለሻል። ቀጥለሽም «ብሪስቶል ላይ እርስዎ አባቴን በብረት ሲመቱት በዓይኔ አይቻለሁ፤ መጋረጃው ጥግ ቆሜ ነበር። ለምን እንዳደረጉት ከነገሩኝ ምናልባት ይቅር እልዎት ይሆናል» ብለሻል። ይቅርታውን አቆዪው፣ ልጄ፤ አሁን የሚያስጨንቀኝ እሱ አይደለም። የሚያስጨንቀኝ ያ አልጋ ነው። ስለዚህ የሆነውን ሁሉ ልንገርሽና ከዚያ በኋላ የሚሻልሽን አድርጊ።

እኔ የሮችዴል ሥጋ ሻጭ ልጅ ነኝ። አባቴ የበሬ ጭን በመጥረቢያ ሲሰነጥቅ እያየሁ ስላደግሁ ደም አያስደነግጠኝም። ቲያትር ቤት ስገባ ድብድብ ያስተማሩኝ ሚስተር ኦግደን የሚባሉ፣ ድሮ ትግል ሲታገሉ አንድ ዓይናቸው የጠፋ ሽማግሌ ነበሩ። መጀመሪያ ያስተማሩኝ መውደቅን ነው። «ስሚኝ አንቺ ልጅ» አሉኝ፣ «መድረክ ላይ አለቃው የሚመታው አይደለም፤ ተመቺዋ ናት። አንቺ ዓይን ዓይኑን አይተሽ ‹ና› ካላልሽው እጁን አያነሣም። አንቺ ፊትሽን ስታዞሪ እሱ አየር ይመታል፤ ጥፊውን እጅሽን አጨብጭበሽ የምታሰሚው ደግሞ አንቺ ነሽ። ይቺን የረሳ ተዋናይ አይባልም፣ ወሮበላ ነው።» ለዚህ ነው የሚደባደቡ ተዋንያን በየቀኑ ከትርኢቱ በፊት ድብድቡን ቀስ አድርገው የሚለማመዱት። እጅ ከእጅ ሳይነካካ እንዲያልፍ ነው።

አባትሽ ዴዝመንድ ይህን ሁሉ ያውቅ ነበር። ስንጋባ ከሊድስ እስከ ፕሊመዝ የማያውቀን አልነበረም። ሰው መድረክ ላይ ስንጣላ ማየት ይወድ ነበር፤ እኛን ያስታረቀ ይመስል ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ይሄዳል። በመጨረሻ የሠራነው ተውኔት ሦስተኛ ገቢር ላይ ባል ሚስቱን በጥፊ መትቶ ይጥላታል፤ እሷ ወድቃ እያለ መጋረጃው ይዘጋል። ተውኔቱ በተከፈተ በማግሥቱ አንድ ጋዜጣ ስለ እኔ ብዙ መልካም ነገር ጽፎ ስለ እሱ «አለባበሱ ያማረ ነው» ብቻ አለ። በዚያ ቀን ልምምድ ላይ እንደ ወትሮው እጁ አየር መታ። ትርኢቱ ላይ ግን መንጋጋዬ ላይ አረፈ። አንዱ የታችኛው ጥርሴ ተነቅሎ አፌ ውስጥ ቀረ። ወድቄ መጋረጃው እስኪዘጋ ምላሴ ሥር ይዤው ቆየሁና ወጥቼ እጅ ነሣሁ።

ከዚያ ወዲያ ሳይመታኝ የዋለበት ቀን የለም። ከኪሴ የምከፍላት፣ የመድረክ ልብሴን የምታለብሰኝ ቤሲ ክላፍ በየጊዜው ቀዝቃዛ ጨርቅ ታደርግልኝና ቅባት ትቀባኝ ነበር። የብላክበርን ሴት ናት፤ አፏ አያርፍም።

«ዛሬስ የት ላይ ነው?» ትለኛለች።

«ጆሮ ግንዴ ላይ።»

«አንድ ቀን ሻዩ ውስጥ የአይጥ መርዝ እጨምርለታለሁ።»

«ስኳር ብዙ አድርጊበት፣ ጣፋጭ ይወዳል።»

እየሳቅን ነበር ይህን የምንለው፣ ሄስተር። ሌላው የቡድናችን ሰው ግን ዓይኑን ጫማው ላይ ይተክላል። ዴዝመንድ የቡድኑ ባለቤት ነበር፤ ሁሉም ደግሞ ልጆች አሉት። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው ነገሩ። ተመልካቹማ ጭራሽ ወደደው። ሴቶቹ «አይ፣ እንዴት እውነት ይመስላል!» እያሉ ያጨበጭባሉ። ያ ጋዜጣ እንኳ ተመልሶ መጣና ዴዝመንድን «በመጨረሻ ከልቡ መጫወት ጀመረ» ሲል አመሰገነው። ሰው እንደዚያ ሲያጨበጭብ የተመታው ሰው ራሱ ይጠራጠራል። ምናልባት ቲያትር ይሆን እንዴ እል ነበር።

እሱ ደግሞ ሐሰተኛ ዕቃ አይወድም። መድረኩ ላይ ያለው ብርጭቆ ብርጭቆ፣ ሰዓቱ የሚሠራ ሰዓት፣ ምድጃው አጠገብ የተቀመጠው የእሳት መቆስቆሻም ድፍን ብረት ይሁን ያለው ራሱ ነው። የእንጨቱን ወርውሮ «የልጅ መጫወቻ አታምጡብኝ» ብሏቸዋል።

ብሪስቶል የደረስነው በመከር ወራት ነው። ነገሩ የሆነው ቅዳሜ ከሰዓት ትርኢት ላይ ነበር። ያን ጊዜ የሰባት ዓመት ልጅ ነሽ። በእረፍቱ ሰዓት ተመልካቹ ሻዩን በየወንበሩ እየጠጣ፣ ማንኪያው ከመጋረጃው ጀርባ ድረስ እየተንቃጨለ ነበር። አንቺ መልበሻ ክፍላችን ገብተሽ በርጩማ ላይ ተቀምጠሽ አባትሽ ሆዱን የሚያስርበትን መቀነት ሲጠብቅ አየሽው። ማንም እንዳያየው ይጠነቀቅ ነበር፤ የሴቶች ዓይን የማይጠግበው ወጣት ነኝ ብሎ ያምን ነበራ። አንቺ ግን ልጅ ነሽ፤ ሳቅሽ። «አባዬ፣ ልክ እንደ አያቴ ታስረሃል» አልሽው።

መታሽ። በመዳፉም አይደለም፣ በጡጫ ነው። ከበርጩማው ላይ ተወርውረሽ የመስተዋቱ ጠርዝ መታሽና ከግራ ጆሮሽ ደም ወረደ። አላለቀስሽም፤ ዓይንሽ ዝም ብሎ ጣሪያ ጣሪያውን ያይ ነበር። እኔ የሞትሽ መስሎኝ ነበር። አያትሽ ከትኩሳት የመጣ ነው እያለች አሳደገችኝ ያልሽኝ ያ ጆሮሽ፣ ስልክ የማትሰሚበት ጆሮሽ፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ ነው የደነቆረው።

ዴዝመንድ መቀነቱን ጨርሶ አሰረና «ከበርጩማ ወድቃ ነው» አለ። ወዲያው የሦስተኛው ገቢር ደወል ተደወለ።

«አብረሻት ሁኚ» አልኳት ቤሲን።

«የት ልትሄጂ ነው አንቺ?»

«ደወሉ ተደውሏል።»

አዎ፣ ሄድኩ። ሌላ ሴት ብትሆን ልጇን አቅፋ ወደ ሐኪም ትሮጥ ነበር። እኛ ቲያትር ቤት የኖርን ሰዎች ግን ደወል ከተደወለ እግራችን ራሱ ነው የሚሄደው፤ እናታችንን ቀብረን የመጣን ቀን እንኳ እንደዚያ ነን። መብራቱ ፊቴ ላይ ሲወድቅ ግን ምን እንደማደርግ አውቄያለሁ።

ዴዝመንድ መታኝ። አልወደቅሁም። ተውኔቱ ውደቂ ይላል፣ እኔ ግን ቆምኩ። «ውደቂ» አለኝ በጥርሱ መሐል። ደግሞ መታኝ፤ አፍንጫዬ ደማና ቀሚሴ ላይ ፈሰሰ። «ውደቂ እንጂ፣ አንቺ የሥጋ ሻጭ ልጅ!» አለኝ። ይኼኔ ሚስተር ኦግደን ትዝ አሉኝ። ዓይን ዓይኑን አይቼ «ና» አልኩት። ሲመጣ መቆስቆሻውን ከምድጃው አጠገብ አነሣሁ። አባቴ ሥጋ ሲቆርጥ እንደሚያደርገው እግሬን ከፈት አድርጌ ቆሜ መንጋጋው ላይ አሳረፍኩበት። ድምፁ ቲያትር አይመስልም። ሲወድቅ ደግሜ ጉልበቱን መታሁት። ለሦስተኛ ሳነሣ ያዙኝ።

ተመልካቹ ግማሹ እያጨበጨበ ነበር።

መጋረጃው ጥግ መቆምሽን አላየሁም። ቤሲ ውኃ ልታመጣ ስትወጣ ተነሥተሽ የመጣሽ ኖሯል። «እንዳለሁ ቢያውቁ ኖሮ ይመቱት ነበር?» ብለሻል። አስቤበታለሁ። አዎ። ፈቀቅ በይ፣ ደም እንዳይነካሽ እልሽ ነበር፤ ከዚያ እመታው ነበር።

ፍርድ ቤት የቀረበው ምስክር አዳራሹን የሞላው ሕዝብ ነው። እሱ ሲመታኝ እያዩ «እንዴት ይተውናል» ያሉ ሰዎች፣ እኔ አንዴ ስመታው ሲያዩ «በዓይናችን አየን፣ እውነት ነው» ብለው ማሉ። ቤሲ የሆነውን ብትናገር «ደመወዝ የምትከፍልሽ እሷ ናት» አሏት። እኔን አሰሩኝ፤ አንቺን ለእሱና ለእናቱ ሰጡ። ከተፈታሁ በኋላ ሃሮጌት ድረስ፣ አያትሽ ቤት ሄጄ በሩን ሳንኳኳ በውሻ አባረረችኝ። ውሻው ጥጃዬን ዘነጠለኝ፤ ጠባሳው ዛሬም አለ፣ ፊልም ላይ በካልሲ ነው የምሸፍነው። ከእስር ስወጣ ደግሞ የፊልም ሰዎች በር ላይ ይጠብቁኝ ነበር። ባሏን በብረት የፈነከተችን ሴት ሰው መልሶ ሲገድላት ማየት ሕዝቡ እንደሚወድ ገብቷቸዋል። እንዲህ ነው ስም ያወጣሁት።

አሁን «የዱሮ ነገር ነው፣ ሰው ያረጃል፣ ይለወጣል» ትዪኝ ይሆናል። እኔም ብዬው ነበር። ስለዚህ ደብዳቤሽ እንደደረሰኝ መርከቡ የሚነሣበት ቲልበሪ ወደብ ሄጄ ጠበቅሁት። እንዳይሄድ ልለምነው ነው የሄድኩት፤ እኔ፣ ልለምነው! በዱላ ተደግፎ፣ ነጭ መሐረብ ኪሱ ላይ ሰክቶ መጣ። ያማረ ሽማግሌ ነው፣ አልዋሽሽም።

«ሙርየል» አለኝ፣ «ልትሸኚኝ መጣሽ?»

«ዴዝመንድ፣ የልጅ ልጅህን ተዋት። ሌላ ቦታ ሂድ፣ የፈለግኸውን እሰጥሃለሁ።»

«የኔ ቆንጆ፣ ዛሬም ስክሪፕቱን አላጠናሽም» አለና ቀኝ እጄን ይዞ ጎንበስ ብሎ ሳመው። እየሳመኝ የቀለበት ጣቴን ወደ ኋላ አጠፈው። ተሰበረ። ሲሰበር ተሰማኝ፣ እሱም ተሰምቶታል፤ ፈገግ ብሎ ቀና አለ። አጠገባችን ቆመው የነበሩ ባልና ሚስት «ዕድሜ ሳይገድባቸው፣ እንዴት ደስ ይላሉ» ተባባሉ። እሱም ባርኔጣውን አንሥቶላቸው ወደ መርከቡ ወጣ።

የጽሕፈቴ መጣመም ለዚህ ነው፤ በግራ እጄ ነው የምጽፍልሽ። ሐኪሙ «ምን ነካሽ?» ቢለኝ «አንድ አድናቂዬ ሳመኝ» አልኩት፣ ሳቀ።

መርከቡ እዚያ ሳይደርስ ይህ በአውሮፕላን ይደርስሻል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው፣ ልጄ። ሲመጣ ያለቅሳል፤ ማልቀስ ይችልበታል። ስጦታ ያመጣል፣ ባልሽን ያስቀዋል፣ ጎረቤቶችሽም ይወዱታል። ከፖሊ ጋር ግን በር ተዘግቶ ለአንዲት ደቂቃ እንኳ ብቻቸውን እንዳትተያቸው። ልጅ ነችና አንድ ቀን ትስቅበታለች።

እኔን እናት ብለሽ ባትጠሪኝም ግድ የለም። እግዚአብሔር ቤትሽን ይጠብቅልሽ፣ ባልሽን በጤና ያኑርልሽ፣ የፖሊን ሁለቱንም ጆሮዎች ደህና ያድርግልሽ።

ሙርየል