ጠጥቶ የተቃጠለው ቦሎቄ

ውድ እህቴ፣

ስርዝ ድልዝ ያለበት ደብዳቤ ስለማልልክ ይህን አራት ጊዜ ገልብጬዋለሁ። ስለዚህ እስከ መጨረሻው አንብቢው።

የጓሯችን የቦሎቄ ቅጠል ነሐስ የመሰለ ነጠብጣብ ሲያወጣ ጥፋቱን በአንቺ ላይ ጫንሁ። «ውሃ እያበዛሽ አበሰበስሽው» አልሁሽ። «እትዬ፣ ለክቼ ነው የማጠጣው» አልሽ። «ከእኔ ጋር አትከራከሪ» አልሁ። በማግስቱ ሻንጣሽን ይዘሽ ልጅሽ ዘንድ ሄድሽ።

አንቺ ከሄድሽ በኋላ የሚያጠጣ ጠፋ። ቦሎቄው ጠወለገ፤ ነጠብጣቡ ግን መስፋፋቱን አቆመ። እኔም «አላልኋችሁም?» እያልሁ ለጎረቤት ሁሉ አሳየሁ። አሁን ሳስበው ያንገበግበኛል።

ባለፈው ማክሰኞ ከግብርና ምርምር ጣቢያ አንዲት ባለሙያ መጣች። ቅጠሉን ገለባብጣ አየችና ዓይኗን ከአጥሩ ማዶ መኪና ወደተሰለፈበት መንገድ አሻገረች።

«እማማ፣ ይሄ ኦዞን ያመጣው ነው።»

«ኦዞን ያለው ሰማይ ላይ ነው። አስተማሪ ነበርሁ።»

«የላይኛውማ ከፀሐይ ጨረር ይጠብቀናል። ይሄኛው የመኪና ጭስ ፀሐይ ሲያገኘው እዚሁ መሬት አጠገብ የሚፈጠር መርዛማ ጋዝ ነው። ቅጠል ውሃ ሲጠግብ ቀዳዳዎቹን ከፍቶ ይተነፍሳል፤ መርዙንም አብሮ ይስባል። ሲጠማ ይዘጋቸዋል። ማን ነበር የሚያጠጣው?»

«እህቴ።»

«ጎበዝ ናት፤ በደንብ አጠጥታዋለች።»

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ተማሪ «ሳታጣሩ አትደምድሙ» እያልሁ ስቀጣ ኖሬ፣ እኔው ሳላጣራ ደመደምሁ። መንገዱንስ እንደ ተማሪ ፊቴ አቁሜ እንዴት ልቆጣው?

ጎረቤቶቹ ዘንድ ቤት ለቤት ዞሬ ስሕተቴን ተናግሬያለሁ። ልብስ ሰፊዋ መርፌዋን አስቀምጣ፣ «እርስዎም ይሳሳታሉ እንዴ?» አለችኝ። ሳቋን መደበቅ እንኳ አልሞከረችም።

ባለሙያዋ እንደነገረችኝ፣ ነጠብጣብ ያለበት ቦሎቄ ትንሽም ቢሆን ያፈራል፤ በጥም የደረቀ ግን ምንም አያፈራም። እኔ ባልዲ ማንሣት አልቻልሁም፤ በሌላ ሰው እጅ ማስጠጣትም አልፈልግም። ፊት ለፊት ለማለት ስለሚያቅተኝ እዚህ ጽፌዋለሁ፦ ይቅርታ አድርጊልኝ።

ሐሙስ ጠዋት አውቶቡስ ተራ ቆሜ እጠብቅሻለሁ። ካልመጣሽ ዓርብም እቆማለሁ፣ ቅዳሜም። እልኸኛ መሆኔን መቼም አትረሺውም።

ታላቅ እህትሽ