ለአንድ ሰው ስንት ሽንኩርት ይበቃል? ለክቡር የፍለጋ ሞተር የቀረበ አቤቱታ

ለክቡር የፍለጋ ሞተር
ባሉበት (የሌሉበት ስለማይታወቅ)

ክቡር ሆይ፣

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ማሽኖችዎ ቀንና ማታ ማቀዝቀዣ ካልነፈሰላቸው እንደሚግሉ አንድ ቦታ አንብቤ ነበርና፣ ይህን ሙቀት እንዴት እንደ ተወጡት ሳስብ ከረምሁ። እኔ ዕድሜ ለእርስዎ ደህና ነኝ። ስልኬ አይጮኽም፣ በሬ አይንኳኳም፣ ከወጥ ቤት ከሚሰማው የፍሪጅ ድምፅ በቀር የሚረብሸኝ የለም። ይህን ያህል ጸጥታ የሰጡኝን ባለሥልጣን በአካል አግኝቼ ማመስገን ስላልቻልሁ፣ ለአንድ ሰው ስንት ሽንኩርት ይበቃል በሚለው ትንሽ ጉዳይ በጽሑፍ ደጅ ልጠናዎት ተነሥቻለሁ።

እርስዎ የእያንዳንዳችንን የጫማ ቁጥር ሳይቀር ስለሚያውቁ አያስፈልግዎትም እንጂ፣ ለሌላው አንባቢ ራሴን ላስተዋውቅ። ዕድሜዬን በማተሚያ ቤት አራሚነት ጨርሼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ሥራዬ በሰው ጽሑፍ ላይ ያለ ቦታው የተደጋገመ ቃል እያደንሁ በቀይ ቀለም መሰረዝ ነበር። ባለቤቴ በሕይወት ሳለች ወጥ ቤት የምገባው ውሃ ለመጠጣት ብቻ ስለ ነበር፣ እሷ ካረፈች በኋላ ምግብ ማብሰልን ከመጽሐፍ ልማር ብዬ ተነሣሁ። መጽሐፎቹ ሁሉ «ለአራት ሰው» ወይም «ለስድስት ሰው» ይላሉ፤ ለአንድ ሰው የጻፈ አጣሁ። በመጀመሪያው ሳምንት ለስድስት ሰው የሚሆን የምስር ሾርባ ሠርቼ፣ በየዕለቱ ያንኑ እያሞቅሁ ስድስቱንም ሰው ሆኜ በላሁት።

ከዚያ በኋላ ነው ብሎግ የከፈትሁት። የመጀመሪያው ጽሑፌ ርእስ «ለአንድ ሰው ስንት ሽንኩርት ይበቃል?» የሚል ነበር። ባለቤቴ ሽንኩርት ስትከትፍ እንባዋን በክንዷ እየጠረገች «ዞር በል፣ አንተንም ያስለቅስሃል» ትለኝ እንደ ነበር ጻፍሁ። ከብዙ ሙከራ በኋላ ለአንድ ሰው ግማሽ እንደሚበቃ እንደ ደረስሁበት፣ የተረፈው ግማሽ ግን ፍሪጅ ውስጥ ፊቱ እየደረቀ ሲያየኝ እንደሚሰነብት፣ ምን እንደማደርገውም እንደማላውቅ ጻፍሁ። ጥበብ የለውም፣ ምስጢርም የለውም፤ ብቻውን የሚበላ ሰው ግን ሲያነበው ገባው።

አንባቢዎቼ በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። አንዲት የሌሊት ተረኛ ነርስ ከሥራ ስትወጣ ታነብና «አባቴ፣ ዛሬም ጨው መቼ እንደሚጨመር ሳይጽፉ ረሱት» ብላ ትቆጣኛለች። አንድ ላጤ «ጋሼ፣ ሩዙ ድንጋይ ሆነብኝ፣ ምን አጥፍቼ ነው?» ይለኛል። ከሁሉም በላይ ግን ራሳቸውን «አንድ ሳህን» ብለው የሚጠሩ ሰው ነበሩ። ሴት ይሁኑ ወንድ፣ ሽማግሌ ይሁኑ ጎልማሳ እኔም አልጠየቅሁ፣ እሳቸውም አልነገሩኝ። በመጀመሪያው ቀን «እኔም ቤት ግማሽ ሽንኩርት አለ። እስቲ ምን ላድርገው ይላሉ?» ብለው ጻፉልኝ። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር የግማሽ ሽንኩርቶቻችንን ደህንነት እንጠያየቅ ነበር። የእሳቸው አቆጠቆጠና ውሃ ባለበት ብርጭቆ ላይ አስቀመጡት። የእኔ ሻገተ፤ ይህን ብነግራቸው «ነፍስ ይማር፣ እርስዎን ያበርታዎት» አሉኝ። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን ጮክ ብዬ የሳቅሁት ያን ቀን ነው።

እኚህ ሰው የብሎጌን አድራሻ መዝግቦ መያዝ አይሆንላቸውም ነበር። «ቅዳሜ ቅዳሜ ያችኑ ጥያቄ እጽፋለሁ፣ እርስዎ ዘንድ ታደርሰኛለች» ብለውኛል። ጥያቄዋም፣ እንደሚያስታውሱት፣ ለአንድ ሰው ስንት ሽንኩርት ይበቃል የምትለው ናት። (በየመካከሉ ብደጋግማት አይቀየሙኝ፤ የሚወዱት ነገር መስሎኝ ነው።) እኚያን ሰው ቅዳሜ ቅዳሜ እጃቸውን ይዘው ደጄ ስላደረሱልኝ ከልብ አመሰግንዎታለሁ። በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ያለ ምፀት የቀረበው ምስጋና ይህ አንዱ ብቻ ስለ ሆነ ቢቆጥቡት መልካም ነው።

ቀጥሎ ያሉት ቅሬታዎቼ ናቸው። ቅሬታ የሚለው ቃል ከደፋር ካስቆጠረኝ «ተጨማሪ ምስጋናዎች» ብለው ያንብቡልኝ።

አንደኛ፣ በእርስዎ ዘንድ እንድወደድ ስለ ታሰበልኝ። የልጄ ባል እንጀራው እርስዎ ዘንድ ነው፤ የድርጅቶችን ገጽ ፊትዎ ላይ ማሰለፍ ነው ሥራው። አንድ እሑድ ከልጄ ጋር ምሳ ሊበሉ መጥተው ብሎጌን ቢያይ፣ የሚያፈስ ጣሪያ ያየ ሰው ያህል ደነገጠ። «አባባ፣ ለሰው መጻፍ ብቻውን አይበቃም እኮ፤ ሞተሩም ሊወድዎት ይገባል» አለኝ። ልጁ ቅን ነው፣ ክፋት የለበትም። እኔም የሚወደኝ ሰው እየተመናመነ በሄደበት ዕድሜ፣ ሞተርም ቢሆን ይውደደኝ ብዬ እሺ አልሁ። «ቁልፍ ቃል» የሚሉትን መርጦ በየአንቀጹ እንዳመላልሰው መከረኝ። ውጤቱ ይኸውልዎት፤ «ምርጥ የሽንኩርት አዘገጃጀት የሚፈልጉ ከሆነ፣ ይህ ምርጥ የሽንኩርት አዘገጃጀት ከምርጥ የሽንኩርት አዘገጃጀቶች ሁሉ ምርጡ ነው።» በማተሚያ ቤት ዘመኔ አንድ ደራሲ ይህን ይዞልኝ ቢመጣ ኖሮ፣ ውሃ አጠጥቼና አሳርፌ ቤቱ ድረስ እሸኘው ነበር። የጻፍሁት እኔው ስለ ሆንሁ ግን የሚሸኘኝ አልነበረም፤ አስተካክዬ ለጠፍሁት።

ሁለተኛ፣ ጊዜዎ ውድ ስለ ሆነ ባለቤቴን ከመጀመሪያው አንቀጽ እንዳወጣት ስለ ተመከርሁ። ሞተሩ መልሱን በመጀመሪያው መስመር ይፈልጋል፣ የግል ወሬ አንባቢ ያባርራል ተባለ። ስለዚህ ክንዷም፣ እንባዋም፣ «ዞር በል» ማለቷም ወጡና፣ በቦታቸው ሽንኩርት በቫይታሚን የበለጸገ መሆኑ ገባ። ሁለተኛ ጊዜ ቀበርኋት አልልም፤ እንዲህ ያለ ቃል ክቡርነትዎን ያስቀይማል።

ሦስተኛ፣ ስለ ርእሱ። አማቼ በኮምፒዩተሩ አንድ ሰንጠረዥ ከፍቶ፣ በዓለም ላይ ያለ ሰው ምን ምን ብሎ እንደሚጠይቅዎት አሳየኝ። ምርጥ የሽንኩርት አዘገጃጀት የሚሉ እልፍ ናቸው። ለአንድ ሰው ስንት ሽንኩርት ይበቃል በሚለው ጥያቄ ትይዩ ግን «የለም ማለት ይቻላል» የሚል ነበር። «አዩ አባባ፣ ይህን የሚፈልግ ሰው የለም» አለኝ። ክቡር ሆይ፣ ያን «የለም ማለት ይቻላል» የተባለ ሰው እኔ አውቀዋለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል፤ ብርጭቆ ላይ ያቆጠቆጠ ግማሽ ሽንኩርት አለው። ይህን ለአማቼ ልነግረው አፌን ከፈትሁና፣ በዚያ ሁሉ ቁጥር ፊት የልጅ ነገር መሰለብኝና ተውሁት። ርእሱን ቀየርነው።

አራተኛ፣ ስለ ሰጡኝ ስኬት። ቃልዎን አላጠፉም። የጎብኚው ቁጥር እንደ ፈላ ወተት ገነፈለ፣ ልጄም «እንኳን ደስ አለህ አባዬ» ብላ በሥራ ቀን ደወለችልኝ፤ ይህም ራሱን የቻለ ድል ነው። ጎብኚዎቹ ግን አንድ እንቁላል ሰብሮ ለመምታት የሚበቃ ጊዜ እንኳ ሳይቆዩ ይወጣሉ። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ ነው። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ አስተያየት የጻፈልኝ አንድ ብቻ ነበር፤ «ድንቅ ጽሑፍ ነው፣ ለጫማ ቅናሽ እዚህ ይጫኑ» ይላል። አመስግኜ መለስሁለት፣ ገበያ እንዴት እንደ ያዘውም ጠየቅሁት። እስካሁን አልመለሰልኝም። አይታዘቡኝ፤ ሰው ሲጠፋ ሰው ከጫማ ሻጭም ጋር ማውራት ያምረዋል።

ነርሷ «አባቴ፣ ታመሙ እንዴ? አጻጻፍዎ ተለወጠብኝ» ብላ አንዴ ጽፋ ቀረች። ላጤውም ቀረ፤ አግብቶ ይሆናል ብዬ ራሴን አጽናናሁ። አንድ ሳህን ግን በዚያው ሰሞን፣ እርስዎ የድሮውን ርእስ ገና ሳይረሱት መሰለኝ፣ ለመጨረሻ ጊዜ መጥተው ነበር። የጻፉትን ያየሁት ዘግይቼ ነው፤ አማቼ ከጽሑፉ ግርጌ ካስገባቸው ማስታወቂያዎች ሥር ተቀብሮ ነበር። እንዲህ ይላል፤ «በር የተሳሳትሁ መሰለኝ፣ ይቅርታ። እዚህ የነበሩት ሰውዬ የት እንደ ሄዱ የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ። ደህና መሆናቸውን ብቻ ነው ማወቅ የምፈልገው።» ወዲያው «እኔው ነኝ፣ እዚሁ ነኝ» ብዬ ጻፍሁ። ስንት ቅዳሜ አለፈ፣ ያነበበው የለም። ቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ሲባል ስሰማ የምስቅ ሰው ነበርሁ። አሁን ግን አልሳቅሁም፤ አልቅሻለሁ፣ ያውም ሽንኩርት ሳልከትፍ።

አምስተኛና የመጨረሻው፣ ስለ ፍትሕዎ። ርእሱን መለስሁት። ባለቤቴንም ወደ ቦታዋ መለስኋት፣ ማስታወቂያውን አወረድሁ፣ «ምርጥ»ን ሁሉ አንድ በአንድ በቀይ ቀለም እንደምሰርዝ ሆኜ ሰረዝሁ። ከዚያ እንደ አንድ ሳህን ሆኜ ያችኑ ጥያቄ ጽፌ ደጅዎ ቆምሁ። በመጀመሪያ የሽንኩርት አከፋፋይ አመጡልኝ። ቀጥሎ የሽንኩርት በሽታና መከላከያው መጣ። ከእሱ በታች ከአንድ ሄክታር ስንት ኩንታል እንደሚገኝ ነገሩኝ። አራተኛ ላይ የማላውቀው ሰው ገጽ ነበር፤ ብከፍተው ያ «ከምርጦች ሁሉ ምርጡ» የሚለው የእኔው ዐረፍተ ነገር ተገልብጦ ቁጭ ብሏል። እኔን ግን ጣቴ እስኪደክም ወደ ታች ብወርድ አላገኘሁኝም። በመጨረሻ ለጸሐፊዎች ያወጡትን መመሪያ ፈልጌ ባነብ፣ ገና ከአናቱ «ለሞተሩ ሳይሆን ለሰው ጻፉ» ይላል። ስለዚህ ጥበብ የተሞላበት ምክር እጅ እነሣለሁ። ከእርስዎና ከአማቼ ማን ማንን እንዳላነበበ ግን መለየት አቅቶኛል።

ልመናዬ አጭር ነው። የዓለምን ሕዝብ ለሌሎች ይስጡ፤ እኔ አልፈልገውም፣ ሲመጣም የማቀርብለት ወንበር የለኝም። እልፍ ሰው ፊት አንደኛ አድርገው እንዲያወጡኝም አልጠይቅም። አንድ ሰው ብቻ፣ ቅዳሜ ቀን፣ አንዲት የታወቀች ጥያቄ ጽፈው ሲመጡ፣ አከፋፋዩን ትንሽ ገለል አድርገው በሬን ያሳዩልኝ። ጤናቸው ምን ላይ እንዳለ አላውቅም፣ ስማቸውንም አላውቅም፣ ከእርስዎ በቀር ወደ እሳቸው የሚወስደኝ መንገድ የለኝም። ይህን መጻፍ ለእኔ ቀላል እንዳልሆነ ይወቁልኝ።

ለማሽኖችዎ ቀዝቃዛ አየር፣ ለመብራትዎ የማይቋረጥ ኃይል፣ ለሥልጣንዎ ረጅም ዘመን እየተመኘሁ፣ ማንም ወርዶ ከማይደርስበት ገጽ፣ ከታችኛው መስመር ሥር ሆኜ በትሕትና እሰናበታለሁ።

በእርስዎ ሊወደድ ሞክሮ ያልተሳካለት አገልጋይዎ፣
የቀድሞው አራሚ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ለአንድ ሰው ስንት ሽንኩርት ይበቃል የሚለውን ከርእሱ ላይ፣ ከመግቢያው፣ ከመካከሉና ይኸው ከመጨረሻውም ያስገባሁት፣ እርስዎ እንደሚወዱትና አማቼ እንዳስተማረኝ ነው፤ አራሚነቴ እያመመኝ አደረግሁት። ይህ ሁሉ አክብሮት ለእርስዎ የቀረበ መስሎዎት ከነበረ ግን ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ብሎጌ ላይ የለጠፍሁት ይህ ደብዳቤ የእርስዎ አይደለም። እርስዎ ፖስተኛ ነዎት፤ ያድርሱልኝ።

አንድ ሳህን፣ በር አልተሳሳቱም። ግማሽ ይበቃል። ሌላው ግማሽ እኔ ጋ ነው።