ዘጠኝ ዓመት ሠርተው «አዲስ ባልደረባ» ስለተባሉት አቶ አርቪድስ

ለክቡር አቶ ጊርትስ ላውማኒስ
የድርጅታችን መሥራችና ዋና ሥራ አስኪያጅ
ሊየፓያ

ጉዳዩ፦ በጥር ወር «አዲሶቹን ባልደረቦቻችንን ተዋወቋቸው» በሚል ርዕስ በድረ ገጻችን ላይ ስላወጡት ጽሑፍ

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለተከበሩት ባለቤትዎና ለውሻዎ ለሩኪስ የተሟላ ጤንነት እመኛለሁ። የዘንድሮው የባሕር ነፋስ ግንቦት ገብቶም አልለቅ ብሎናልና፣ ስለ ሰው ልጅ ክብር በየመድረኩ የሚናገሩበት ጉሮሮዎ እንዳይጎዳብን ጠንቀቅ እንዲሉ በትሕትና አሳስባለሁ።

እኔ ሳኒታ ክራውክሌ ነኝ፤ በድርጅታችን ለአሥራ አንድ ዓመት የተጠቃሚዎችን ደብዳቤ ስመልስ የኖርኩ፣ በሩ አጠገብ የምቀመጠው ሴት። ይህን የምጽፈው እርስዎ ይረሱኛል ብዬ አይደለም። ደብዳቤው በአደባባይ የሚወጣ ስለሆነ ሌላው አንባቢ እንዲያውቀኝ ነው። እንዲሁም ሰባት ሰዎች ብቻ ያሉን ትንሽ ድርጅት መሆናችንን፣ ለዓይነ ስውራን የኮምፒውተር ጽሑፍ በላትቪያ ቋንቋ ጮክ ብሎ የሚያነብ ፕሮግራም ሠርተን በነጻ እንደምናድል፣ ኮዱም ለማንም ክፍት ሆኖ የፈለገ ሁሉ እንዲያየውና እንዲጠግነው የተፈቀደ መሆኑን አንባቢ ይወቅልኝ። «ሀብታችን ሰው ነው» የሚለውን ቃልዎን በግድግዳችን ላይ በትልቁ አስጽፈን በየቀኑ እናነበዋለን፤ ስላስጻፉልንም እናመሰግናለን።

በጽሑፍዎ ያስተዋወቁን ሦስት ናቸው። የመጀመሪያዋ የማስታወቂያ ሥራ እንዲሠሩ የተቀጠሩት ወይዘሪት ኤልቪታ ናቸው፤ ቅን ሰው ናቸውና በእሳቸው ላይ ቅሬታ የለኝም። ሁለተኛው «የቢሮው የደስታ ኃላፊ» ተብሎ የተሾመው ሩኪስ ነው፤ የልደት ቀኑ፣ የሚወደው የተጨሰ ዓሣና ነጎድጓድ የሚፈራ መሆኑ በአሥራ አንድ መስመር ተዘርዝሮ ከሁለት ፎቶግራፍ ጋር ወጥቷል። ውሻው ምንም አላጠፋም። ሦስተኛው አቶ አርቪድስ ፑርማሊስ ሲሆኑ፣ በፎቶግራፋቸው ቦታ ባዶ ግራጫ ክብ ተቀምጦ፣ ከሥሩ ይህ ተጽፏል፦ «አርቪድስ በዚህ ወር ተቀላቅሎናል። ገና ብዙ የሚማረው ነገር አለ፤ እኛም እናግዘዋለን። በትርፍ ጊዜው የፀሐይ መጥለቂያን መመልከት ይወዳል።»

ስለዚህች ሦስት መስመር ያለኝን አቤቱታ እንደሚከተለው በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ «በዚህ ወር» ስለሚለው ቃል። አቶ አርቪድስ በቬንትስፒልስ ወደብ የመርከብ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበሩ፤ በአርባ ሰባት ዓመታቸው ሁለቱም ዓይኖቻቸው ጠፉ። ከዚያ በኋላ የኖሩት በታላቅ እህታቸው በወይዘሮ ቬልታ ቤት ነው። የዛሬ ዘጠኝ ዓመት የጻፉልኝን የመጀመሪያ ደብዳቤ አሁንም አስቀምጬዋለሁ፤ «ፕሮግራማችሁ የእህቴን ስም ሲጠራ ጣሳ የተረገጠ ይመስላል። ከፈቀዳችሁልኝ ላስተካክለው» ይላል። ፈቃድ እንደማያስፈልግ፣ ኮዱ ክፍት መሆኑን መለስኩላቸው። በሁለተኛው ሳምንት አስተካክለው ላኩት። ከዚያን ቀን ጀምሮ የፕሮግራማችንን ድምፅ አብዛኛውን ክፍል የሠሩት እኚህ ሰው ናቸው፤ ይህንንም እርስዎ ከማንም በላይ ያውቃሉ፤ ምክንያቱም ድምፁ በተበላሸ ቁጥር «አርቪድስ ጋ ደውይ» የሚሉኝ እርስዎ ነበሩ።

በየማለዳው ሁለት ሰዓት ላይ ጓዳቸው ገብተው በሩን ይዘጋሉ። ወይዘሮ ቬልታ ሬዲዮኑን ይቀንሱና ለመጣ ጎረቤት ሁሉ «ወንድሜ ሥራ ላይ ነው» ይላሉ። አቶ አርቪድስ ደመወዝ ጠይቀው አያውቁም፤ የጡረታ አበሌ ትበቃኛለች የሚሉ ሰው ናቸው። የጠየቁት ስማቸው በባልደረቦች ገጽ ላይ እንዲወጣ ብቻ ነው። እርስዎም በየዓመቱ «በሚመጣው ጸደይ» እያሉ ተስፋቸውን ሳያቋርጡ ስላቆዩላቸው ላመሰግንዎ ይገባል።

ሁለተኛ፤ ጽሑፉ ስለተነበበበት ሁኔታ። ስማቸው መውጣቱን የነገርኳቸው እኔ ነኝ፤ ጽሑፉን ራሴ ሳላነብ በደስታ ደወልኩ። እሳቸውም ድምፁን ከፍ አድርገው እህታቸውን ከማድ ቤት ጠሩ። «ቬልታ፣ ነይ ስሚ! ስሜ ወጣልኝ!» ወይዘሮ ቬልታ እጃቸውን እየጠረጉ መጥተው ቆሙ። ከዚያም እሳቸው ራሳቸው ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የገሩት ድምፅ፣ አንዲት ፊደል ሳይስት፣ በዚህ ወር እንደተቀጠሩና ገና ብዙ እንደሚማሩ አነበበላቸው።

ወይዘሮ ቬልታ አርባ ዓመት በፖስታ ቤት የሠሩ ሴት መሆናቸውን እርስዎ ማወቅ አይጠበቅብዎትም። ለእሳቸው በጽሑፍ የወጣ ነገር አለቀ ማለት ነው።

«ዘጠኝ ዓመት በሩን ዘግተህ ምን ስትሠራ ነበር?» አሉ።

«ስሠራ ነበር፣ ቬልታ። ለእነሱ።»

«እዚህ ላይ እኮ በዚህ ወር ይላል። እኔ ለሰፈሩ ሁሉ ሥራ ላይ ነው ስል ከረምኩ። አላፈርክም?»

የፀሐይ መጥለቂያውን ግን ወይዘሮ ቬልታ ቀልድ ነው ብለው አለፉት። አቶ አርቪድስ ይህን ሁሉ በስልክ ሲነግሩኝ ለመሳቅ ሞከሩ፤ «ለመሆኑ ፀሐይዋ አሁንም በዚያው በኩል ነው የምትጠልቀው?» ብለው ጠየቁኝ።

ሦስተኛ፤ ስለ ረቡዕ። በጽሑፍዎ መጨረሻ «ረቡዕ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ቢሯችን መጥታችሁ ተዋወቋቸው» የሚል ግብዣ ነበር። አቶ አርቪድስ ግብዣውን አመኑ። እህታቸውን ይዘው ቢመጡና እኛ ፊት ለፊት ብንናገርላቸው ነገሩ የሚቃና መሰላቸው። ለእኔም ሳይነግሩኝ ሦስት ሰዓት በአውቶቡስ ተጉዘው መጡ፤ ወይዘሮ ቬልታም ባዶ እጅ አይሄድም ብለው የካሮት ኬክ በትሪ ይዘው ነበር። እርስዎ ግን ዝግጅቱን ውሻ ወደሚያስገባው ምግብ ቤት አዛውረውት፣ ለውጡንም በሠራተኞች ዝርዝር ላለን ሁሉ ጠዋቱን በመልእክት አሳውቀውናል። አቶ አርቪድስ በዝርዝሩ ውስጥ አልነበሩም።

የረሳሁትን ጃንጥላ ልወስድ ስመለስ ደረጃው ላይ አገኘኋቸው። ወይዘሮ ቬልታ ትሪውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል፤ ወንድማቸው እጃቸውን ግድግዳው ላይ አሳርፈው ቆመዋል። ድምፄን ሲሰሙ ፊታቸው በራ።

«ቬልታ፣ ሳኒታ ናት! በየሳምንቱ የማወራት ልጅ! አንቺ ንገሪያት እስቲ።»

ነገርኳቸው፤ ሁሉንም ነገርኳቸው። ወይዘሮ ቬልታ እጄን ያዙና «ጥሩ ልጅ ነሽ፤ ለወንድሜ አዝነሽለት ነው» አሉኝ።

ቢሮውን ከፍቼ አስገባኋቸውና ለእርስዎ ደወልኩ። ከጀርባዎ ሳቅና የብርጭቆ ድምፅ ይሰማ ነበር። «ውይ፣ ዛሬ እንኳ አይመችም። ሻይ ስጪያቸውና ሌላ ቀን ይምጡ» አሉኝ። ስለ ሻዩ አመሰግናለሁ፤ ሰጠኋቸው። «ወደ ምግብ ቤቱ ልውሰዳችሁ» ስላቸውም አቶ አርቪድስ «ሳንጠራ አንሄድም» አሉ። ቢጨንቀኝ ዘጠኙ ዓመት የተመዘገበበትን የጥገና መዝገብ በኮምፒውተሬ ከፍቼ ለወይዘሮ ቬልታ አሳየኋቸው። ከአራት ሺህ በላይ ጥገና፣ እያንዳንዱ ከነቀኑ። መነጽራቸውን አድርገው ተጠግተው ተመለከቱ። በየመስመሩ ያለው ግን የወንድማቸው ስም አልነበረም፤ እዚያ ላይ ሁላችንም የምንታወቀው በአጭር መጠሪያ ነውና «አፑርም58» ይል ነበር።

«ይሄ ማነው?»

«እሳቸው ናቸው፣ ወይዘሮ ቬልታ።»

«ይሄ እኮ የሰው ስም አይደለም፣ ልጄ» አሉኝ፤ በቁጣ ሳይሆን፣ አድራሻው የተሳሳተ ደብዳቤ እንደሚመልስ ሰው በትሕትና። ኬኩን ጠረጴዛዬ ላይ ትተውልኝ በአሥራ አንድ ሰዓቱ አውቶቡስ ተመለሱ።

አራተኛ፤ ስለ እርማቱ። በማግስቱ አንድ ቃል እንዲታረም ጠየቅኩዎ። የሰጡኝ ምክንያት ግልጽ ስለነበር ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፦ «ለለጋሹ ተቋም ሦስት አዲስ አባላት ጨምረናል ብለናል። አርቪድስን ካወጣነው ሁለት ይቀራሉ፤ ከሁለቱ ደግሞ አንዱ ውሻ ነው።» በዚህ ስሌት ላይ ስህተት ማግኘት አልቻልኩም።

በየካቲት መጨረሻ አቶ አርቪድስ ደወሉ። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር፤ ከሆስፒታል ኮሪደር ነው። ወይዘሮ ቬልታ ከመስከረም ጀምሮ ሲደብቁት የነበረው የጉበት ሕመም ጥሏቸዋል።

«ሳኒታዬ፣ አንዲት ቃል ናት እኮ። እኔ ብነግራት ዋጋ የለውም፤ በጽሑፍ ካላየች አታምንም። ገጹን በስልክ ከፍቼ ላሳያት ነው። ለአለቃሽ ለምኚልኝ።»

ለመንኩዎ። ጠረጴዛዎ ፊት ቆሜ፣ ሴትዮዋ እየሞቱ ነው አልኩዎ። እርስዎም ዓይንዎ እንባ አቀረረ፤ ይህን አልክድም። ከዚያም «በጣም ያሳዝናል። በሚያዝያ ድረ ገጹን ስናድስ አብሮ ይታያል» አሉ።

ወይዘሮ ቬልታ መጋቢት አሥራ ሦስት ቀን አረፉ። በቀብሩ ላይ ከድርጅቱ የተገኘሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። አቶ አርቪድስ ክንዴን ይዘው በአሸዋው መንገድ ስንመለስ፣ እህታቸው በመጨረሻው ምሽት የነገሯቸውን ነገሩኝ። «ብትዋሸኝም አልተቀየምኩህም» ነው ያሏቸው። «ሰው እንዲያከብርህ ብለህ ነው፤ ይገባኛል።»

«ታዲያ እርስዎ ምን አሉ?» አልኳቸው።

«ምን እላለሁ? እየደከመች ነው። ‹አመሰግናለሁ› አልኳት።»

ክቡር ሆይ፣ ሰው ላልሠራው ጥፋት ይቅር ተብሎ፣ ይቅርታውንም ተቀብሎ እንዴት እንደሚኖር እኔ አላውቅም። እርስዎ ብዙ ያነበቡ ሰው ስለሆኑ ምናልባት ያውቁ ይሆናል።

አምስተኛው አቤቱታ በእርስዎ ላይ አይደለም። የድረ ገጹ የይለፍ ቃል እኔም ዘንድ ነበር። በየካቲት ወር በማንኛውም ቀን፣ ማንንም ሳልጠይቅ፣ ያቺን ቃል በሁለት ደቂቃ ላርማት እችል ነበር። ከሥራ ያባርሩኛል ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ ከላይ በጻፍኩት ሁሉ ላይ የእኔም ፊርማ እንዳለበት አድርገው ይቁጠሩልኝ።

እርማቱ በገቡት ቃል መሠረት ሚያዝያ ስድስት ቀን ወጥቷል፤ ስለ ቃል አክባሪነትዎ ምስጋናዬ የላቀ ነው። «ከዘጠኝ ዓመት በላይ የድርጅታችን ምሰሶ የሆኑት አቶ አርቪድስ ፑርማሊስ» ይላል። አንቱታውም ተጨምሮበታል። ያማረ ዓረፍተ ነገር ነው። ለአቶ አርቪድስ በስልክ አነበብኩላቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙና «አሁን ለማን ነው?» አሉ።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ይህን እንዳደርስልዎ አዘዙኝ፦ «ስሜን ከገጹ ላይ አውጡልኝ። ሥራውን ግን አልተውም፤ ሰዎቹ በድምፁ ነው የሚኖሩት፣ እነሱ ምን አደረጉ?» ከትናንት በስቲያም አንድ ጥገና ላኩ፤ ፕሮግራሙ የአውቶቡስ የጉዞ ሰንጠረዥ ሲያነብ ሰዓቱን ከከተማው ጋር እንዳያምታታ የሚያደርግ ነው። ተጠቃሚዎቻችን ከዛሬ ጀምሮ ትክክለኛውን አውቶቡስ ይይዛሉ፤ ማን እንደሠራላቸው ግን አያውቁም። ስለዚህ ስማቸው በዛሬው ዕለት እንዲነሳላቸው፣ ይህንንም እንደ ወትሮው ወደሚመጣው ጸደይ እንዳያስተላልፉባቸው በአክብሮት እጠይቃለሁ።

እኔም ከሰኔ መባቻ ጀምሮ ሥራዬን በፈቃዴ መልቀቄን በዚሁ አሳውቃለሁ።

ለአሥራ አንድ ዓመት ስለሰጡኝ ወንበር እያመሰገንኩ፣ ለእርስዎ ከነበረኝ ከፍተኛ አክብሮት የተረፈውን ሁሉ በዚህ ወረቀት ጠቅልዬ አቀርባለሁ።

ሳኒታ ክራውክሌ

ግልባጭ፦
ለለጋሹ ተቋም፤ የአዲስ አባላቱን ቁጥር እንዲያስተካክሉ
ለወይዘሪት ኤልቪታ፤ ከይቅርታ ጋር

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ትናንት ከዳውጋቭፒልስ አንዲት ሴት ጽፈውልናል። የሂሳብ መምህርት ናቸው፤ የዓይናቸው ብርሃን በዓመት ውስጥ እንደሚጠፋ ሐኪም ነግሯቸዋል። ከዚያ በፊት ኮድ መጻፍ ተምረው በነጻ ሊያገለግሉን ይፈልጋሉ፤ «እናንተ ዘንድ ሰው እንዴት ይያዛል?» ብለውም ጠይቀዋል። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ደብዳቤ ሳልመልስ አድሬ አላውቅም ነበር። ይህኛውን አትሜ ጠረጴዛዎ ላይ አስቀምጬልዎታለሁ፤ እርስዎ ይመልሱላቸው።