ካሜራው በማን ስም ይጻፍ

ሚዛን ተፈሪ
ሐምሌ 14 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለልጄ ለሐያት ኸይሩ
ጆሃንስበርግ

አሰላሙ ዓለይኩም ልጄ። አላህ ጤናሽን ያብዛልሽ፣ እጅሽንም ከክፉ ይጠብቅልሽ። እኔም እናትሽም ቆመን እንሄዳለን፤ ከዚያ በላይ ደህና ነን ብዬ መፎከር አልችልም። ዝናቡ ከጠና ወዲህ ጉልበቴ እምቢ ብሏል። መብራቱ አንድ ቀን ቢመጣ ሁለት ቀን ይሄዳል። ፎቶ ቤቱን የምከፍተው ለተማሪዎች ጉርድ ፎቶ ብቻ ነው፤ ለሌላው ሰው ስልኩ በቅቶታል። በዒድ ዕለት እንኳ ከሦስት ቤተሰብ በላይ አልመጣልኝም። ደጄ ላይ ቆመው በስልክ ፎቶ ተነስተው የሄዱ ግን ብዙ ናቸው። ደከመኝ ልጄ። ላንቺ ካልነገርኩ ለማን ልናገር?

የላክሽውን ድምፅ በልብስ ሰፊው በከፈለኝ ስልክ ሦስት ጊዜ ሰማሁት። ካልተሳሳትኩ ነገሩ እንዲህ ነው። ከጾሙ በፊት ሰርግ ፎቶ አንስተሽ ስትመለሺ ቦርሳሽን ሊነጥቁሽ ስለነበር ካሜራውንና ሌንሶቹን ኢንሹራንስ ልታስገቢ አስበሻል። አንዱ ባልሽ ሙደሲር ለሱቁ የገባው ኢንሹራንስ ነው፤ በሱ ስም ነው፣ ርካሽ ነው፣ ግን ዕቃው ሱቁ ውስጥ ሳለ የጠፋውን ብቻ ነው የሚከፍለው፣ የሚከፍለውም ለሱ ነው። ሌላው ባንቺ ስም የሚሆነው ነው፤ ውድ ነው፣ ግን አዳራሽም መንገድም ላይ ይከተልሻል። ለዚህኛው ስትሄጂ የኢንሹራንሱ ሰውዬ «ካሜራው የማን ነው?» አለሽ። አንቺ «የአባቴ ነው» አልሽ። እሱም እንዳልሽው ጻፈው። አሁን «የተሰጠሽ ለመሆኑ እስከ ወር መጨረሻ ወረቀት ካላመጣሽ ባንቺ ስም አንመዘግብም» ተባልሽ።

መጀመሪያ ሳቄ መጣ፤ ኋላ አዘንኩ። በማን ልፍረድ? አባት በሕይወት እያለ «የኔ» ማለት ነውር ነው ብለን ያሳደግንሽ እኛ ነን። እዚህ «የአባቴ ነው» ብትዪ ሰው ሁሉ ጨዋ ልጅ ይልሻል። ያ ሰውዬ ግን ጨዋነትሽን የሚጽፍበት ቦታ ቅጹ ላይ የለውም።

ምክሬ ይኸውልሽ፤ ውዱን ግቢ፣ ባንቺ ስም። ሱቅ ውስጥ የተቀመጠ ካሜራ ምን ይሠራል? ሰርገኞቹ አንቺን የሚፈልጉሽ ወንድ ፎቶ አንሺ የሴቶቹ ክፍል ስለማይገባ ነው፤ ከአዳራሽ አዳራሽ ካልዞርሽ ሥራሽ ቀረ ማለት ነው። መኪና ውስጥ ትተሽው ሄደሽ ቢጠፋ ግን አንከፍልም ይላሉ ብለሽኛልና ቦርሳውን ከትከሻሽ አታውርጂ።

ሙደሲር «ምን አለፋሽ፣ ከሱቄ ዕቃ ጋር ይደመር» ማለቱን ሦስቴ አነሳሽው። ሦስቴም ድምፅሽ ዝቅ አለ። እሱ መጥፎ ሰው ነው አላልኩም። አጎትሽ ሸፋም መጥፎ ሰው አልነበረም።

የሱን ነገር በሙሉ ነግሬሽ አላውቅም። ቴፒ ላይ ፎቶ ቤት የከፈትነው አብረን ነው፤ እሱ ያነሳል፣ እኔ አጥባለሁ። የቡና እርሻው ሠራተኞች እሁድ እሁድ ለአገራቸው የሚልኩትን ፎቶ ለመነሳት ይሰለፉልን ነበር። ፈቃዱን በሱ ስም አወጣነው። ታላቄ ነው፤ የኔም ስም ይግባ ማለት አሳፈረኝ። ሸፋ በወባ ሲሞት የሚስቱ ወንድሞች ፈቃዱን ይዘው መጡ። ካሜራውን፣ የፊልም ማጠቢያውን፣ ሐይቅ የተሳለበትን መጋረጃ ሳይቀር ጭነው ሄዱ። ሽማግሌ ቢቀመጥም «ወረቀቱ ላይ ኸይሩ የሚል የታለ?» አሉ። የለም። ሚዛን የገባሁት እናትሽንና አንቺን ይዤ በባዶ እጄ ነው።

ስለዚህ ማክሰኞ ዕለት የስጦታውን ወረቀት ላስጽፍልሽ ቀበሌ ሄድኩ። እናትሽና ከፈለኝ ምስክር ሊሆኑ አብረውኝ መጡ። ጸሐፊው ዓባይነህ ነው፤ የሰርጉን ፎቶ ያነሳሁለት።

«ሰጪ ማን ልበል?» አለኝ።

«ኸይሩ ሙክታር።»

«የካሜራው ደረሰኝ አለዎት ጋሽ ኸይሩ?»

«መርካቶ ከሰው እጅ ነው የተገዛው። ደረሰኝ የለውም።»

«እንግዲያው በማን ገንዘብ እንደተገዛ እንጻፈው። ውጭ አገር የሚሄድ ወረቀት ነው፤ መጠየቃቸው አይቀርም።»

ልጄ፣ ያ ካሜራ የተገዛው በእናትሽ ገንዘብ ነው። አራት ዓመት ሙሉ ሸዋ ቤንች ገበያ እየወረደች ቡናና ማር ነግዳ ያጠራቀመችው ነው። ሚዛን ስገባ የገዛሁት የመጀመሪያ ካሜራዬም የሰርጓ ወርቅ ተሸጦ ነው። ሰው «ኸይሩ ለልጁ ካሜራ ገዛላት» ሲል ዝም ብዬ ምርቃቱን ተቀብያለሁ። ፎቶ ቤቱም በኔ ስም ብቻ ነው። ሸፋን ስማረርበት ኖሬ፣ እሱ ያደረገብኝን እኔም በሷ ላይ እያደረግሁ መኖሬን እዚያች አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ አወቅሁት። አፈርኩ።

«ሰርዘው፤ ሰጪ ዘይቱና አወል በል» አልኩት።

እናትሽ ክንዴን ያዘችኝ። «ኧረ ተው የሐያት አባት! ባል እያለ ሴት ሰጪ ትባላለች እንዴ? ሰው ምን ይለናል?»

«እስከዛሬ ያለው ይበቃዋል» አልኳት።

ዓባይነህ ብዕሩን አስቀመጠና ወደ እሷ ዞረ። «ወይዘሮ ዘይቱና፣ እኔ የምጽፈው እርስዎ የሚሉኝን ነው። ካሜራው የማን ነው?»

የነጠላዋን ጫፍ ታፍተለትል ጀመር። ከዚያ «የኔ ነው» አለች፣ እሷም ራሷ የሰማችው አይመስልም። ዓባይነህ አልሰማሁም ብሎ ደግሞ አስባላት። ከተጋባን ጀምሮ ይህን ቃል ከአፏ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ጽፎ ሲጨርስ ሁለቴ አስነበበችው። እኔ ምስክር ሆኜ ፈረምኩ።

ወረቀቱ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ነው። የተጻፈውን የካሜራውን መለያ ቁጥር ካሜራው ሥር ካለው ጋር አስተያዪው፤ ስህተት ካለ ቶሎ አሳውቂኝ፣ እንደገና አስጽፈዋለሁ። እዚያ የሚታመን አስተርጓሚ ፈልጊ። ኢንሹራንሱ ጋ ስትሄጂ ብቻሽን ሂጂ። ሙደሲር ቅር ካለው «አባቴ አዞኝ ነው» በዪው፤ ቅያሜው እኔ ላይ ይሁን። በስልክ የማይነገር ሌላ ነገር ካለም ጻፊልኝ። ማንም ሳያነበው ለእናትሽ አነብላታለሁ። ክፍልሽን አላከራየነውም።

አላህ ዕቃሽን ከሌባ፣ ልብሽን ከመከፋት ይጠብቅልሽ። የሰው ሰርግ ስታደምቂ ያንቺም ቤት ይድመቅ። አሚን።

የኢንሹራንሱ ሰውዬ ካሜራው የማን ነው ብሎ እንደገና መጠየቁ አይቀርም። እናትሽ መልሱን ለማለት ሃያ ሰባት ዓመት ፈጅቶባታል። አንቺ እዚያው በዪው።

አባትሽ
ኸይሩ ሙክታር