ያቀለልኳት መኪና

ይድረስ ለእታለም፤ ሰላምታዬ ባሕሩን ተሻግሮ ካለሽበት ይግባ። ጸሐፊ አልለመንኩም፤ የማታ ተማሪው ወንድምሽ በገዛ እጄ ነው የምጽፍልሽ። አስተማሪያችን ፊደሌን አይተው አፋቸውን ይዘው ቀርተዋል!

እማዬን ሐኪም ቤት እንዳመላልስባት የተውሽልን መኪናሽ የውድድር መኪና ሆናለች። እንድትፈጥን መቅለል አለባት ብዬ የኋላውን ወንበር፣ ምንጣፉን፣ የበሩን ልባስ ሳይቀር አወጣሁ። ብትገለበጥ እንዳትጨፈለቅ ብዬ ደግሞ በሩን አቋርጦ የሚያልፍ የብረት ቱቦ አስበየድኩባት። ሰፈሩ በሙሉ ወጥቶ አየልኝ።

እማዬን ወደ ሐኪም ቤት ልወስዳት ስል ግን እግሯ ቱቦውን መሻገር እምቢ አላት። ደግፌያትም አልሆነም።

«ምነው ልጄ፣ አጥር ሠራህባት?» ብላ ሳቀች።

«ቀለለችኮ፣ እማዬ!»

«አዎ፣ ሁለታችሁም ቀልላችኋል» ብላኝ ወደ ቤት ገባች።

ታክሲ ልጥራ ስላት «ልጄ መኪና እያለው?» ትለኛለች። ለሳምንት እንሄዳለን ብላለች፤ ባለፈው ሳምንትም እንዲሁ ብላ ነበር። እግሯ ትንሽ አብጧል፤ ጫማው ጠቦኝ ነው ትላለች። ጫማ ካደረገች ግን ሰነበተች።

በተረፈ ሁላችንም ደህና ነን። ለሚያውቁኝ ሁሉ ሰላም በይልኝ፤ የመኪናዋን ነገር ግን አታንሺላቸው።

አክባሪሽ፣
የቀለለው ወንድምሽ