«የሞቱ» የተባለው ብልቃጥ

እሜቴ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ሁለት አውሮፕላን ቀይሬ እዚህ የመጣሁት «ወታደር ዝንብ» የሚባሉትን ትናንሽ ዝንቦች እጭ መለየት ልማር መሆኑን መቼም አልረሳሽም። ዛሬ ጠዋት መምህራችን፣ አንድ ቀጭን ሽማግሌ፣ ከደረቀ ግንድ ቅርፊት ሥር ያወጡትን እጭ ማጉያ መነጽሩ ሥር አኖሩልኝ። ጠፍጣፋ፣ ቡናማ፣ ቆዳው እንደ አሮጌ ጫማ የደረቀ፤ ንቅንቅ የለም።

«ምን ታያለህ?» አሉኝ።

«ሞቷል» አልኳቸው በሙሉ ልብ።

«እኔም ስተኛ እንዲሁ ነኝ፤ ባለቤቴ ግን እስካሁን አልቀበረችኝም» ብለው በብሩሽ ጫፍ ነካ አደረጉት። የኔ ሟች ቀስ ብሎ መራመድ ጀመረ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

እኔ ግን ትዝ ያለኝ የኛ ቢሮ መደርደሪያ ነው። ያ እንደዚሁ ያሉ እጮች ከትቼ «የሞቱ» ብዬ የጻፍኩበት ብልቃጥ! አንቺ «እርግጠኛ ነህ?» ስትዪኝ «ልምድ ያለው ሰው እንዲህ አይጠየቅም» ብዬሽ ነበር። እባክሽ አየር እንዲያገኙ ክዳኑን አንሺና ስስ ጨርቅ እሰሪበት። ስልክሽ አልሠራ ቢለኝ ነው በፖስታ ካርድ የማጣድፍሽ፤ ፖስታው ደግሞ ሦስት ሳምንት ይፈጃል አሉኝ። መምህሩ እንደሚሉት የአንድ እጭ ዝርያ በእርግጥ የሚታወቀው ክንፍ አውጥቶ ሲበር ነው። እንግዲህ ካርዱ እስኪደርስሽ በረው ከጠበቁሽ፣ ዝርያቸውን በማወቅ ሳትማሪ ቀድመሽኛል ማለት ነው።

የካርዱ ቦታ አለቀብኝ። እማማን ሳሚልኝ፤ ልጆቹንም። ለአለቃችን ሰላም በይልኝ፤ ስለ ብልቃጡ ግን ትንፍሽ እንዳትዪ።

ያንቺው፣ ልምድ ያለው ሰው